ስለ ምላጭ እጀታ ችንካር አመራረጥ

በዚህ በቤተሰብ ገጻችን ስለ ቤት ዕቃ አያያዝና አጠባበቅ ልዩ ልዩ ምክር ስናቀርብ ቆይተናል። ዛሬም ክቡራን አንባቢዎቻችንን ስለ አንድ እጅግ ታናሽ ነገር ልናነጋግር ወደናል፤ ይኸውም የሚታጠፈውን የጢም ምላጭ ከእጀታው ጋራ አጣምሮ የሚይዘው ችንካር ነው። ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት ያነሰ፥ ርዝመቱም የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ስለ ሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ነገር ግን ምላጩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእርሱ ላይ ነው፤ እርሱ ሲላላ ስለቱ ይወላገዳል፥ እርሱ ሲከፋም እጀታው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስለ ታናሹ ነገር አጥብቀን ብንጽፍ ከንቱ ድካም ነው የሚለን እንደማይኖር ተስፋ እናደርጋለን።

በብዙ ቤት ከአባት ወይም ከአያት የቀረ ምላጭ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የቤቱ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ምላጩን ሲያወጣው ስለቱ ደኅና፥ ቀንዱም ያማረ ሆኖ ሳለ ችንካሩ ብቻ ተበልቶ ወይም ላልቶ ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ ሁለት ጥፋት ይመጣል። አንደኛው፥ ዋጋ የለውም ብሎ መልሶ መጣል ነው። ሁለተኛው፥ ይልቁንም የከፋው፥ ባገኙት ምስማር ቸኩሎ መቸንከር ነው። የተጣለ ምላጭ ሌላ ቀን ይነሣል፤ በክፉ ችንካር የተሰነጠቀ የቀንድ እጀታ ግን ወደ ቀድሞው ጤንነቱ አይመለስም።

ይህን የምንናገረው በወሬ ሰምተን አይደለም። ከአባታችን ቤት የቀረልን፥ እጀታው ከጥቁር ቀንድ የተሠራ የእንግሊዝ አገር ምላጭ ነበረ። ችንካሩ ዝጎ ስለ ተቆረጠ፥ እኛም ጠንካራ ነገር ይሻላል ብለን አስበን የማይዝግ ብረት ምስማር ቈርጠን አገባንበት። የምስማሩም ራስ በቀላል ምት እንቢ ስላለን መዶሻውን አበረታን። በሦስተኛው ብርቱ ምት ቀንዱ ከቀዳዳው ጀምሮ እስከ ዳር ድረስ ጭው ብሎ ተሰነጠቀ። አባታችን ከሠላሳ ዓመት በላይ በየማለዳው የያዙትን ዕቃ እኛ በአንድ ቀትር አበላሸነው። ከዚያም ወዲህ የችንካርን ነገር ከሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅን፥ በእጃችንም እየሞከርን የተማርነውን ነው ዛሬ የምንጽፈው።

አስቀድመን የምላጩን አሠራር እንግለጽ። የሚታጠፍ ምላጭ አንድ የዐረብ ብረት ስለትና ሁለት የእጀታ ክንፎች አሉት። ስለቱ ወደ እጀታው በሚገባበት በኩል፥ አንገት ብለን በምንጠራው ወፍራም ስፍራ፥ አንድ ቀዳዳ አለ፤ የፊተኛው ችንካር በሁለቱ ክንፎችና በዚህ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፥ ስለቱም በእርሱ ላይ ይዞራል። በእጀታው ጫፍ ደግሞ በሁለቱ ክንፎች መካከል ሽብልቅ ይገባል፤ የኋለኛው ችንካር ሽብልቁን አሳልፎ ክንፎቹን ያጣብቃል። በአንዳንዱ ምላጭ ሦስተኛ ችንካር በመካከል ይጨመራል። በችንካሩም ራስ ሥር ትንሽ የብረት ቀለበት፥ የጋራዥ ሰዎች ሮንዴላ የሚሉት ዐይነት፥ ይቀመጣል።

ይህ ዕቃ ከወዴት እንደ መጣ ማወቅም ለምርጫው ይረዳል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ አጠገብ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1740ዎቹ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ አንድ ወጥ የሆነ ዐረብ ብረት ማውጣት ከቻለ ወዲህ የሼፊልድ ምላጭ ስመ ጥሩ ሆነ። በጀርመን አገር ዞሊንገን፥ በፈረንሳይም አገር ቲዬር የተባሉት ከተሞች በስለት ሥራ የታወቁ ናቸው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለው የፓሪስ ስለት ሠሪ ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ በ1769 አሳተመ።

በኋላ ግን ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ስለቱ ተለውጦ ለሚጣለው መላጫ በ1904 የባለቤትነት መብት ተቀበለ። አሜሪካም በ1917 ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ ይህ መላጫ ለወታደሮቿ ስለ ታደለ አዲሱ ልማድ በዓለም ተስፋፋ። ዛሬ ተጣጣፊ ምላጭ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በቤታችን ያለው አሮጌ ምላጭ በቀላሉ ሊተካ የማይችል ዕቃ መሆኑን ማወቅ ይገባል። በተለይ እጀታው ከዝሆን ጥርስ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ከ1990 ጀምሮ የአፍሪቃ ዝሆን ጥርስ ንግድ ከአገር ወደ አገር እንዳይደረግ በዓለም አቀፍ ስምምነት ስለ ተከለከለ፥ የተሰበረውን ክንፍ የሚተካ ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የችንካር አመራረጥ ሁሉ በአንድ ሕግ ይጠቃለላል፤ ይኸውም ችንካሩ ከሚይዘው ስለት የለሰለሰ ይሁን የሚል ነው። ብዙ ሰው እንደ እኛ ተቃራኒውን ያስባል፤ ጠንካራው ይበልጥ የሚቈይ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለት ብረቶች በየቀኑ እየተፋተጉ ሲዞሩ ከሁለቱ አንዱ መበላቱ የማይቀር ነው። ችንካሩ ከስለቱ የጠነከረ እንደ ሆነ የሚበላው የስለቱ ቀዳዳ ነው፤ ችንካሩ የለሰለሰ እንደ ሆነ ግን የሚበላው ችንካሩ ነው። ችንካር በጥቂት ዋጋ ይለወጣል፤ ስለት ግን አይለወጥም። ስለዚህ ርካሹ ለውዱ እንዲበላለት መምረጥ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የራስ አወጣጥ ነው። የምላጭ ችንካር እንደ ቡሎን አይጠመዘዝም፤ በሁለቱም ጫፍ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ እንጕዳይ ራስ ያወጣል እንጂ። ለስላሳው ብረት በቀላል ምት ይሰፋል፤ ጠንካራው ግን ብርቱ ምት ይሻል፥ የብርቱውም ምት ኀይል ወደ ቀንዱ ያልፋል። ከዚህም ሌላ በብርቱ ሲመታ ራሱ ብቻ ሳይሆን በቀዳዳው ውስጥ ያለው የችንካሩ ግንድ ጭምር ያብጣል፤ ያበጠውም ግንድ ቀንዱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። የእኛም ጥፋት ይህ ነበረ።

እንግዲህ በገበያ ከሚገኙት ብረቶች የትኛው ይሻላል ብንል፥ ቀዳሚው ናስ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው። ከአሮጌዎቹ ምላጮች እጅግ ብዙዎቹ በናስ የተቸነከሩ ናቸው። ቀለሙ ወርቅ መሰል፥ ራሱ በቀላሉ የሚወጣ፥ ከስለቱም የለሰለሰ ነው። ነገር ግን ናስ ሁሉ አንድ አይደለም። ከ100 እጅ 70ው መዳብ፥ 30ው ዚንክ የሆነው ናስ መቀጥቀጥን ይታገሣል። በመኪና ለመቈረጥ እንዲመች ሦስት በመቶ ያህል እርሳስ የተጨመረበት ናስ ግን አለ፤ ይህ በመቍረጫ መኪና ሲቈረጥ ያማረ ነው፥ በመዶሻ ሲመታ ግን ራሱ በዳር በዳሩ ይተረተራል። ከብረታ ብረት መደብር የሚገኘው ዘንግ ብዙ ጊዜ ይህ ዐይነት ስለሚሆን፥ የሚገዛ ሰው እርሳስ የሌለበትን ለይቶ ይጠይቅ።

ሁለተኛው በብዙ አገር የጀርመን ብር እየተባለ የሚጠራው ነው። ስሙ ብር ቢባልም ብር የለበትም፤ የመዳብ፥ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ ኒኬሉም ብዙ ጊዜ ከ100 እጅ 18 ያህል ነው። ከናስ ጥቂት የጠነከረ ነው፥ ነገር ግን ከስለቱ የለሰለሰ ስለ ሆነ ከሕጋችን አይወጣም። ነጭ ቀለሙ ለጥቁር ቀንድና ለነጭ አጥንት የተስማማ ነው፤ እንደ ናስም ፈጥኖ አይጠቍርም። መዶሻ የለመደ እጅ ያለው ሰው ይህን ቢመርጥ መልካም ነው፤ ለጀማሪ ግን ናስ ይቀላል።

ሦስተኛው ተራ ለስላሳ ብረት ነው። በጥንት ምላጮች ላይ ይገኛል፤ ራሱም በደኅና ይወጣል። ጕድለቱ ዝገት ነው፤ ምላጭ ከውሃና ከሳሙና ስለማይለይ ዝገቱ በቀዳዳው ውስጥ ተደብቆ ችንካሩን ይበላል፥ እጀታውንም ያቀልመዋል። የማይዝገው ብረት ደግሞ ከዝገት ይድናል፥ ነገር ግን ጠንካራ ነው፤ እየተመታም ይበልጥ ይጠነክራል። ንጹሕ መዳብ እጅግ ለስላሳ ስለ ሆነ ቶሎ ይላላል። አሉሚኒየምም እንዲሁ ደካማ ነው። ብር የሚያምር ቢሆንም ለስላሳ ስለ ሆነ፥ ለጌጥ የሚቀመጥ ምላጭ እንጂ በየቀኑ የሚሠራበት ምላጭ ባይቸነከርበት ይመረጣል።

የብረቱን ዐይነት ከመረጡ በኋላ ውፍረቱን መምረጥ ነው። የተለመደው የምላጭ ችንካር ውፍረት የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ፥ በሜትር አቈጣጠር 1.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ነገር ግን በልማድ ከመታመን አሮጌውን ችንካር ወይም ቀዳዳውን መለካት ይበልጣል። ዘንጉ በጣት ሲገፋ በቀዳዳው ያለ ግድ የሚገባ፥ ሲነቀነቅም የማይንገጫገጭ ይሁን። የቀጠነ እንደ ሆነ ስለቱ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ ሲታጠፍም አፉ ከእጀታው ክንፍ ጋራ ይጋጫል፥ በዚያን ጊዜ የተሳለው አፍ ይሸረፋል። የወፈረ እንደ ሆነ ደግሞ በግድ ሲገባ ቀንዱን ይሰነጥቃል።

የስለቱ ቀዳዳ ከብዙ ዘመን ሥራ የተነሣ ሞላላ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ብዙዎች ወፍራም ችንካር ለማግባት ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ያሰፋሉ። እኛ ይህን አንመክርም። የሚሻለው በቀዳዳው ውስጥ ቀጭን የናስ ቱቦ አግብቶ በቱቦው ውስጥ የተለመደውን ችንካር ማሳለፍ ነው። ቱቦው የጐደለውን ይሞላል፥ ከስለቱም ምንም አይቀነስም።

ዘንግ ሲገዙ የሚደረገውን ፈተና ደግሞ እንንገር። አንደኛ፥ ማግኔት ያስጠጉበት፤ ናስም የጀርመን ብርም ወደ ማግኔት አይሳቡም፥ የተሳበ እንደ ሆነ ውስጡ ተራ ብረት፥ ላዩ ብቻ ናስ የተቀባ ነው። ሁለተኛ፥ ጫፉን በሞረድ ጥቂት ያሹት፤ ከላይ ያለውና ከውስጥ ያለው ቀለም አንድ ይሁን። ሦስተኛ፥ በመስተዋት ላይ ያንከባልሉት፤ ቀጥ ያለው ያለ ድምፅ ይሄዳል፥ ጐባጣው ይንገጫገጫል። የተጠቀለለ ሽቦ ከመግዛት ቀጥ ያለ ዘንግ መግዛት የሚሻለውም ስለዚሁ ነው። አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን፥ ቍራጩን በሞርሳ አስይዞ ጫፉን በትንሽ መዶሻ መቀጥቀጥ ነው። ራሱ ሳይተረተር ክብ ሆኖ የሰፋ እንደ ሆነ ያ ዘንግ ለምላጭ ይሆናል። የ30 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ሃያ ያህል ችንካር ስለሚወጣው አንዱን ለፈተና ማጥፋት ኪሳራ አይደለም።

ዘንጉ ደኅና ናስ ሆኖ ሳለ እንቢተኛ ከሆነ ማለስለስ ይቻላል። በጨለማ ቤት ውስጥ ደብዛዛ ቀይ እስኪመስል ድረስ በእሳት አሙቆ መተው ነው። ሥራው ግን ችንካሩ ወደ ምላጩ ሳይገባ አስቀድሞ ይፈጸም። ከገባ በኋላ እሳት ማስጠጋት ቀንዱን ያቃጥላል፤ ስለቱም ሙቀት ያገኘው እንደ ሆነ ጥንካሬው ይፈታል፥ ከዚያ በኋላ ቢስሉት አፍ አይዝም።

ቀጥሎ የርዝመቱ ነገር ነው። ችንካሩ ከውጭኛው ቀለበት በላይ በየወገኑ የሚተርፈው ከውፍረቱ ግማሽ ያላነሰ፥ ከሙሉ ውፍረቱም ያልበለጠ ይሁን። ለምሳሌ ሁለቱ ክንፎች እያንዳንዳቸው 3 ሚሊሜትር፥ የስለቱ አንገት 5 ሚሊሜትር፥ ሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች በጠቅላላው 0.6፥ ሁለቱ የውጭ ቀለበቶችም በጠቅላላው 1 ሚሊሜትር ቢሆኑ ድምሩ 12.6 ይሆናል። በየወገኑ 1 ሚሊሜትር ብናተርፍ የችንካሩ ርዝመት 14.6 ሚሊሜትር ነው። የረዘመ እንደ ሆነ ሲመታ ወደ ጐን ይታጠፋል፤ ያጠረ እንደ ሆነም ራስ የሚሆን አይተርፈውም። ከተቈረጠ በኋላ ጫፉ በሞረድ ተስተካክሎ ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን፤ ያዘመመ ጫፍ ያዘመመ ራስ ያወጣልና።

ቀለበቱን መናቅ አይገባም። የችንካሩ ራስ ያለ ቀለበት በቀንዱ ላይ ቢያርፍ ኀይሉ ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ እየቈየ ወደ ቀንዱ ይሰምጣል። ቀለበቱ ያን ኀይል ያሰፋዋል። የውጭኛው ቀለበት ጕልላት መሰል ቢሆን ይመረጣል፤ የውስጠኛው ግን ጠፍጣፋና ቀጭን ይሁን፥ ሥራውም ስለቱ ከክንፉ ጋራ እንዳይፋተግ መለየት ነው። ቀለበቱና ችንካሩ ከአንድ ዐይነት ብረት ቢሆኑ ቀለማቸው ይስማማል፤ ልዩ ልዩ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ የሚመጣውም መበላላት ይቀራል።

አሮጌውን ችንካር ለማውጣት በጕጠት መጐተት ወይም ክንፎቹን በጩቤ መፈልቀቅ ክልክል ነው። የአንዱን ወገን ራስ በሞረድ ቀስ እያሉ ጨርሶ፥ ከችንካሩ በቀጠነ የብረት ዘንግ ወደ ሌላው ወገን መግፋት ነው። ምላጩ በተፈታ ጊዜ በአንገቱ ዙሪያ ለዘመናት የተጠራቀመውን ሳሙናና ዝገት ማጽዳት ይገባል። በአሮጌ ምላጮች የሚገኘው ሽብልቅ ብዙ ጊዜ እርሳስ ነው፤ የእርሳስ ብናኝ መርዝ ስለ ሆነ እርሱን በሞረድ መሞረድ አይገባም፥ የነካውም እጅ ምግብ ሳይቀምስ ይታጠብ።

በችንከራው ጊዜ ስለቱ በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል። የታችኛው ራስ በትንሽ መስፍ ወይም በብረት ላይ ተደግፎ፥ ላይኛው ድቡልቡል አፍ ባለው ትንሽ መዶሻ ቀለል ቀለል እየተደረገ ይመታ። ጥቂት ከመቱ በኋላ ምላጩን ገልብጦ ሌላውን ወገን መምታት፥ እንደ ገና መገልበጥ ነው። አስቀድሞ በሽብልቁ በኩል ያለው ችንካር ይጠበቅ፥ ቀጥሎ ስለቱ የሚዞርበት። በየጥቂቱም ምት ስለቱን ከፍቶ ዘግቶ መሞከር ግድ ነው፤ የላላውን ማጥበቅ ይቻላል፥ ከመጠን በላይ የጠበቀውን ግን ከመቍረጥ በቀር ማላላት አይቻልምና። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ስለቱ በሁለቱ ክንፎች መካከል እኩል የገባ፥ በግማሽ ተከፍቶ ሲያዝም በራሱ ክብደት የማይወድቅ እንደ ሆነ ሥራው ተፈጽሟል።

ከሴሉሎይድ ስለ ተሠራ እጀታ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ይህ ነገር ከ1870ዎቹ ጀምሮ ቀንድንና የዝሆን ጥርስን እንዲመስል እየተደረገ ለእጀታ ሲሠራበት ኖሯል። ሲያረጅ አንዳንዱ እየፈረሰ የአሲድ ተን ይተፋል፤ ይህም ተን ስለቱን ያዝገዋል፥ የናሱንም ችንካር አረንጓዴ ያለብሰዋል። ችንካሩ አረንጓዴ ሆኖ ስለቱም ከእጀታው ጋራ በሚገጥምበት ወገን ዝጎ ከተገኘ፥ በደለኛው ችንካሩ ሳይሆን እጀታው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ችንካር መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ስለቱን ከዚያ እጀታ መለየት ነው። ሴሉሎይድም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳት ይራቅ።

ደግሞም ችንካሩ ደኅና የሆነ ምላጭ ሳይቸግር አይነካ። አንዳንዱ ጥቂት የላላ ብቻ ስለ ሆነ በየወገኑ ሦስት አራት ቀላል ምት ይበቃዋል። ከተላጩ በኋላ አንገቱንና ችንካሩን በደረቅ ጨርቅ አድርቆ፥ ስለቱ በሚዞርበት ስፍራ አንዲት ጠብታ ዘይት ማንጠብ የችንካሩን ዕድሜ ያረዝማል። ምላጩም የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በስለት ላይ በሚቀር ደም እንደ ጕበት በሽታ ያለው ሕመም ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል፥ ከወንድም ጋራ እንኳ መዋዋስ አይገባም።

የእኛ ምላጭ ነገር እንዴት ሆነ የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የተሰነጠቀውን ክንፍ የቀንድ ዋንጫ ለሚሠራ ብልኀተኛ አሳይተን በበሬ ቀንድ አዲስ ክንፍ ቀረጸልን። ሌላው ክንፍ የአባታችን ነው። የአዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጥቂት ይፈካል፥ እንዲመሳሰልም አላደረግነውም። ሁለቱን አጣምሮ የያዛቸው በጥቂት ሳንቲም የገዛነው የናስ ዘንግ ቍራጭ ነው። ከዓመታት በኋላ እርሱ ተበልቶ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ልጃችን ቈርጦ ይጥለውና ሌላ ያገባበታል። ስለቱ ግን እኛ እንደ ተቀበልነው ሆኖ ይደርሰዋል።